እሳት የሚያጠፋው ሠራተኛ በጡረታው አይበደል
(የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ለከተማ መራጮች ያደረጉት ንግግር)



መርካቶ ውስጥ እሳት ሲነሳ የአዲስ አበባ ነዋሪ 939 ይደውላል። ሌላው ከጭሱ ሲሸሽ ወደ ጭሱ የሚገባው የእሳት አደጋ ሠራተኛው ነው። በክረምት ጎርፍ የወሰደውን ሰው ፈልጎ የሚያወጣውም እሱ ነው። ጉልበቱ ሲደክም ግን ምን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል?

የሕግ ሰው ነኝና ከሕጉ ልጀምር። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714፣ 10 ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይሰጣል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለመከላከያና ለፖሊስ አባል 1.65 በመቶ፣ ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ ይጨምራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ሲተካም ልዩነቱ አልተነሳም። የእሳት አደጋ ሠራተኛው የሚቆጠረው ከሲቪሉ ጋር ነው።

በብር እንየው። አማካይ ደመወዛቸው 10,000 ብር የሆነ፣ እኩል 30 ዓመት ያገለገሉ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። ፖሊሱ 6,300 ብር፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው 5,500 ብር ያገኛሉ። ለጡረተኛ በየወሩ 800 ብር ቀላል አይደለም። ለፖሊሱ በዛ አንልም፤ ይገባዋል። የምንጠይቀው፣ ሁለቱም ሕይወታቸውን ለእኛ አስይዘው ሲሠሩ ሚዛኑ ለምን ሁለት ሆነ ብለን ነው።

ስለዚህ ፓርቲያችን ከተመረጠ፦

1ኛ/ የእሳት አደጋና የአምቡላንስ ሠራተኞች አገልግሎት በ1.65 በመቶ እንዲሰላ የአዋጅ ማሻሻያ ለምክር ቤቱ ያቀርባል።

2ኛ/ ቋሚ ከመሆናቸው በፊት በኮንትራት የሠሩባቸው ዓመታት፣ መዋጮው በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ እየተከፈለ ከአገልግሎት ዘመናቸው እንዲደመሩ ያደርጋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣል፤ መንግሥት ለሲቪሉ 11፣ ለፖሊሱ 25 በመቶ ይከፍላል። እኛ ከፍ የምናደርገው የአሠሪውን ድርሻ እንጂ የሠራተኛውን ተቀናሽ አይደለም። ወጪው በከተማው በጀት ላይ ያርፋል፤ ይህን አንደብቅም። ስሌቱንም ከረቂቁ ጋር ለሕዝብ ይፋ እናደርጋለን።

ውድ መራጮች፣ ቤታችሁ ሲቃጠል የደረሰላችሁን ሰው በምርጫው ቀን አስታውሱት።