የሊንክ እንጀራ፦ ለጀማሪ ደላላ የተሰጠ ምክር
(በደምበጫ ከተማ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች በተሰበሰቡበት የተደረገ ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅሁት «አፊሌት ማርኬቲንግ» ስለሚባለው ነገር ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ገበያ መሐል ቆሞ «በሬህን እኔ አሻሽጥልሃለሁ» የሚለውን ደላላ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ገዥና ሻጭ ሲስማሙ የድለላውን ይቀበላል፤ ካልተስማሙ ባዶ እጁን ይገባል። ይኸው ነው። ደላላው በአፉ የሚሠራውን እናንተ በሊንክ ትሠሩታላችሁ። ነጋዴው የየራሳችሁ ምልክት ያለበት ሊንክ ይሰጣችኋል። በዚያ ገብቶ የገዛ ሰው ሲኖር «ይህን ገዥ ያመጣው እገሌ ነው» ተብሎ ይመዘገባል፤ ኮሚሽኑም ይታሰብላችኋል።

በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጦችን በአዲስ አበባ መንገዶች ያዳረሱት አዟሪዎችም እንጀራቸውን የበሉት በሸጡት ልክ ነበር። አማዞን የሚባለው የአሜሪካ መደብር ይህንኑ ዘዴ በኢንተርኔት የጀመረው በፈረንጆቹ 1996 ነው። ያኔ መጽሐፍ ነበር የሚሸጠው፤ ዛሬ የማይሸጠው ነገር የለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። «ተኝቶ ዶላር መቁጠር» እያሉ የሚያወሩላችሁ ሰዎች ሒሳቡን አይነግሯችሁም። አማዞን በሚያዝያ 2020 በፈረንጆች አቆጣጠር የቤት ዕቃን ኮሚሽን ከመቶ 8 ወደ 3 አውርዶታል። የ50 ዶላር ዕቃ ብታሻሽጡ በመቶ 3 ስሌት የሚደርሳችሁ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ክፍያውን በቼክ የመረጠ ሰው ደግሞ 100 ዶላር ሳይሞላለት አይላክለትም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ 67 ጊዜ መሸጥ አለበት ማለት ነው! ሊንኩን የነካው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ካልገዛ ወይም ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ ካላስገባ ድካማችሁ ከንቱ ነው። አዲስ ገቢ በ180 ቀን ውስጥ 3 ሽያጭ ካላስመዘገበ ከነጭራሹ ይሰረዛል። በራሳችሁ ሊንክ ለራሳችሁ መግዛትም ክልክል ነው።

ገዥውስ ማነው? የጎረቤታችሁ ልጅ ከአማዞን የሚገዛበት ካርድ የለውም። ገዥያችሁ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለው የአገራችሁ ሰው ነው። እሱ የሚፈልገውን፣ የሚጠይቀውን፣ የሚያምነውን ካላወቃችሁ ሊንክ መበተኑ ዘር በድንጋይ ላይ መዝራት ነው።

ታዲያ ይቅር ወይ? አይቅር። እኔ የምለው ከምታውቁት ዕቃ ጀምሩ ነው። የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ ስሙ የታወቀ ነው። የትኛው ሳይደርቅ የታሸገ፣ የትኛው ውሃ የተረጨበት እንደሆነ አዲስ አበባ ያለው ገዥ አያውቅም፤ እናንተ ግን በዓይናችሁ ትለዩታላችሁ። እውቀታችሁ ዋጋ አለው። አንድ የምታምኑትን ነጋዴ ያዙ። በኪሎ ስንት እንደሚከፍላችሁ፣ መቼ እንደሚከፍላችሁ፣ ገዥው በእናንተ በኩል መምጣቱ በምን እንደሚታወቅ በጽሑፍ ተስማሙ። ከዚያ ቴሌግራም ላይ አንድ ገጽ ክፈቱና የዕለቱን ዋጋ፣ ፎቶውን፣ ጉድለቱንም ጭምር አውጡ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስላለ ኮሚሽኑን ለመቀበል አገር ማቋረጥ አያስፈልግም። በዚህ ሥራውን ከተማራችሁ በኋላ የፈረንጁን ሊንክ ሞክሩት።

«ከዚህ ሽያጭ ኮሚሽን አገኛለሁ» ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። አማዞንም ይህን ያስገድዳል። ገበያ ያለው ደላላ ደላላ መሆኑን አይደብቅም፤ የሚደብቀው ሌባው ነው። አንድ ጊዜ የተበላሸ ዕቃ አወድሳችሁ የሸጣችሁለት ሰው ሁለተኛ ሊንካችሁን አይነካም፤ ለአሥር ሰውም ይነግራል።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ ልምጣ። አንድ ሰው መጥቶ «መጀመሪያ ይህን ያህል ብር አስገባ፣ ከዚያ ሦስት ሰው አምጣ፣ እነሱም ሦስት ሦስት ያምጡ» ካላችሁ ሽሹ! ይህ ፒራሚድ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ «ኮሚሽኑ የሚከፈለኝ ከተሸጠ ዕቃ ነው ወይስ ከገባ ሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሰው ከሆነ የመጨረሻዎቹ ገቢዎች ከሳሪዎች ናቸው፤ እነሱም ወንድማችሁና የክርስትና ልጃችሁ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይህን ዓይነቱን ሽያጭ ከልክሏል። አልባኒያ ውስጥ በፈረንጆቹ 1997 እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ሲወድቁ የሕዝቡ ቁጠባ ጠፍቶ፣ አመፅ ተነሥቶ፣ መንግሥት ወድቋል። ለመግባት ገንዘብ የሚያስከፍል ደላላ የት አይታችኋል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

አንድ ነገር ሳልናገር ብወርድ ትታዘቡኛላችሁ። ባለሥልጣኖቻችን «ሥራ ጠባቂ አትሁኑ፣ ሥራ ፈጣሪ ሁኑ» ይሉናል። ሐምሌ 2016 ላይ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለ ሥልጠና በይፋ ተጀመረ። መልካም ነው። ነገር ግን ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ በዚህ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ አልነበረም? የአማዞኑ 180 ቀን ደግሞ መስመር ተቋረጠ ብሎ አይቆምም! ገበሬ እርሻው እየታጠረበት «ለምን አላረስክም?» ተብሎ ይጠየቃል? ኢንተርኔት ለደላላው ገበያው ነው። ገበያ የሚዘጋ መንግሥት ሥራ አጥ በዛ ብሎ ሊያማርር አይገባውም። ይህን መጠየቅ ፖለቲካ ከተባለም ይባል፤ እንጀራችን ነው።

እስከዚያው ግን ተጠንቀቁ። በእጃችሁ ያለውን ሥራ ለሊንክ ብላችሁ አትልቀቁ። የደንበኞቻችሁን ስምና ስልክ ቁጥር በደብተር ጻፉ፤ ኔትዎርክ ሲጠፋ ደብተር አይጠፋም። ኮሚሽናችሁ በየት በኩል፣ በምን ያህል ተቆራጭ እንደሚደርሳችሁ ሳታረጋግጡ አንድ ቀን እንኳ አትልፉ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ገቢ ሳይሆን ትምህርት አድርጋችሁ ቁጠሯቸው።

ነጋዴ አግኝታችሁ ውል ለመጻፍ የምታስቡ ካላችሁ፣ ወረቀቱን አብረን እንየው፤ ጥያቄም ካለ አሁን እቀበላለሁ።