መምህር ለመሆን መንገድ ስለመምረጥ
በማኅበራችን የትምህርት ኮሚቴ ለሰፈሩ ወላጆችና ወጣቶች የተደረገ ንግግር



 መምጣት ላልቻሉትም ሲባል ይህ ንግግር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ተወስኗል። ያነበባችሁ ላላነበበ ጎረቤታችሁ ብትነግሩልን ደስ ይለናል።

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ነው። ይኸውም ከልጆቻችን መካከል መምህር ለመሆን የሚፈልግ ቢኖር የትኛውን ዲግሪ፣ በየትኛው መንገድ፣ በአገር ቤት ወይስ በውጭ አገር ቢማር ይሻለዋል የሚለው ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በየቤቱ ስንት ነገር እንደሚያስከትል እናውቃለን። ቤቱን አስይዞ፣ ዕቁቡን አስቀድሞ ወስዶ ልጁን ወደ ውጭ የሚልክ አለ። «ነጥብ አልመጣለትም፣ እንግዲህ ምን ይደረግ፣ አስተማሪ ይሁን» ብሎ ያለ ፍላጎቱ የሚያስመዘግብም አለ። ሁለቱም ለልጃቸው አስበው ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡም ዕድሜውም ከወጣ በኋላ «ይህ ወረቀት እዚህ አያስተምርም» የተባለ ዕለት የሚመጣው ሐዘን ለቤተሰቡ ሁሉ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የተከታዩ ዓመት ውጤትም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። ጥፋቱ የመምህሩ ብቻ ነው የምንል አይደለንም። መጽሐፍም፣ የክፍሉ መጣበብም፣ የቤት ኑሮም አለበት። ሆኖም በልጆቻችን ፊት ቆሞ የሚያስተምረው ሰው ማን ነው፣ ወዶ ነው ወይስ ተገፍቶ የመጣው፣ በቂ ሥልጠናስ አግኝቷል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው።

እንግዲህ ዋናውን ነገር አስቀድመን እንናገር። ዲግሪና የማስተማር ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዲግሪ «ይህ ሰው ይህን ትምህርት ያውቃል» ይላል። ፈቃድ ደግሞ «ይህ ሰው ልጆችን ያስተምር» ይላል። ዲግሪውን ዩኒቨርሲቲው ይሰጣል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ግን ልጁ ሊያስተምርበት ያሰበው አገር ነው። ስለሆነም ምርጫው መጀመር ያለበት ከዩኒቨርሲቲው ስም ሳይሆን ከመማሪያ ክፍሉ ነው። የት አገር? ስንተኛ ክፍል? ምን ትምህርት? በምን ቋንቋ? እነዚህን አራቱን ሳይመልሱ መመዝገብ ማለት የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ይሆናል።

ይህ ደግሞ ለአገራችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በቤተ ክህነት ትምህርት ድጓ የተማረ ሁሉ የድጓ መምህር አይባልም። ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር አለበት። ዝማሬና መዋሥዕት ከሆነ ዙር አባ ነው። የኔታ ዘንድ ማወቁ አንድ ነገር፣ አስመስክሮ ወንበር መትከሉ ሌላ ነገር መሆኑን አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል።

በአገር ቤት ስላለው መንገድ

በአገራችን የዘመናዊ ትምህርት መምህራን ሥልጠና በመደበኛነት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1944 በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ነበር። ቀጥሎ በሐረር፣ በደብረ ብርሃንና በሌሎችም ከተሞች የመምህራን ማሠልጠኛዎች ተከፈቱ፤ ብዙዎቻችሁ ቲ ቲ አይ ብላችሁ የምታውቋቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው የባሕር ዳር የፔዳጎጂ አካዳሚም በኋላ የዩኒቨርሲቲው አንዱ መሠረት ሆኗል። ግቢው እስከ ዛሬ «ፔዳ» የሚባለው ከዚያ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ 10+1 እና 10+3 የሚባሉት መጡ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በመስኩ ዲግሪ ለያዘ ሰው የማስተማር ሙያ ለብቻው የሚሰጥበት ፒ ጂ ዲ ቲ የተባለው ሥልጠና ተጀመረ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው ለታሪክ ብለን አይደለም። አንድ ነገር ስለሚያስተምረን ነው። ወደ መምህርነት የሚያስገባው ወረቀት በየጊዜው ይለወጣል፤ ሲለወጥም ከፍ እያለ ነው። በሰርተፊኬት የገባው ዲፕሎማ፣ በዲፕሎማ የገባው ዲግሪ ሲጠየቅ አይተናል። በዚህም የተነሣ አያሌ መምህራን ሌላው ሲያርፍ ክረምቱን ሁሉ ኮሌጅ ገብተው፣ ማታም እየተማሩ ደረጃቸውን አሻሽለዋል። ስለዚህ አቅም ያለው ልጅ ከፍ ካለው በር ቢገባ ይመረጣል። አቅም ያጣው ደግሞ ከዝቅተኛው ገብቶ እየሠራ መማር ይችላልና ተስፋ አይቁረጥ። ደመወዝ እየበላ የሚማር ሰው ዘግይቶ ቢደርስም ይደርሳል።

ወደ ዲግሪ የሚወስደው መንገድ በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የመስኩን ትምህርትና የማስተማር ዘዴውን ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ላይ መማር ነው። ሁለተኛው በመጀመሪያ ሒሳብ ወይም ፊዚክስ ወይም ታሪክ ተምሮ መመረቅ፣ ከዚያ የማስተማሩን ሙያ ጨምሮ መማር ነው። በልጅነቱ ታናናሾቹን ሰብስቦ ጥቁር ሰሌዳ የሚጫወት፣ ሐሳቡ የቆረጠ ልጅ የመጀመሪያው ይስማማዋል። ፕራክቲከም ለሚባለው የተግባር ልምምድ ቶሎ ይወጣል፤ ሥራው የማይሆነው ከሆነም ቶሎ ያውቀዋል። ትምህርቱን የሚወድ ነገር ግን ስለማስተማሩ ገና ያልወሰነ ልጅ ሁለተኛው ይሻለዋል፤ ሌሎች የሥራ በሮች አይዘጉበትም። ጉዳቱ ጊዜው መርዘሙና ወጪው መጨመሩ ነው። ደግሞም ሌላ ሥራ ስላጣ ብቻ ወደ ክፍል የሚገባ ሰው በዚህኛው መንገድ ይበዛል። ወላጆች ይህን ልብ በሉልን።

ስለ ክፍል ደረጃና ስለ ቋንቋም እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2023 በጸደቀው የትምህርት ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 6ኛ አንደኛ ደረጃ፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው። በአንደኛ ደረጃ ልጆች የሚማሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲሆን፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ ትናንሽ ልጆችን ማስተማር የሚፈልግ ወጣት አማርኛውን ወይም አፋን ኦሮሞውን አጥርቶ መጻፍ ይኖርበታል፤ በቤት ስለምናወራው ብቻ እናውቀዋለን ማለት አይበቃም። ለ11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ ማስተማር የሚፈልግ ደግሞ እንግሊዝኛውን ከአሁኑ ያጠንክር። የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ማስተማር የሚፈልግ ቢኖር ሰበታ ላይ በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚታወቅ የመምህራን ኮሌጅ መኖሩን እንዲያውቅ እንወዳለን። በዚህ በኩል የሚሄዱት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚጠብቋቸው ልጆች ግን በየሰፈሩ አሉ።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪ የሚይዝ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና እንደሚፈተን አትዘንጉ። አራት ዓመት ቁጭ ብሎ በመጨረሻው ወር ብቻ የሚያነብ ተማሪ ይቸገራል።

ስለ ደመወዝ ዝም ብለን አናልፍም። የመምህር ደመወዝ በተለይ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር እንደማይበቃ ሁላችሁም ታያላችሁ። በሌላ በኩል ሙያው የዕድገት መሰላል አለው፤ ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ እስከ መሪ መምህር የሚያደርስ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ አውቆ ይግባ እንጂ ሸፋፍነን አናስገባው።

በውጭ አገር ስላለው መንገድ

እዚህ ላይ ሁለት ሰዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ውጭ ተምሮ ተመልሶ እዚህ ሊያስተምር ያሰበ ነው። ሌላው እዚያው ኖሮ ሊያስተምር ያሰበ ነው። የሁለቱ መንገድ አንድ አይደለም።

ተመልሶ ለሚመጣው የውጭው ዲግሪ እዚህ የአቻ ግምት ያስፈልገዋል። ይህን የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ስለሆነም ከመሄዱ በፊት የተቋሙንና የትምህርቱን ዓይነት ይዞ መጠየቅ ነው እንጂ ከተመለሰ በኋላ «ይቀበሉኝ ይሆን?» ማለት አይደለም።

እዚያው ለሚቀረው ግን ፈቃዱ የዚያው አገር ነው። አሜሪካን እንመልከት። ለመላ አገሩ የሚሆን አንድ የመምህርነት ፈቃድ የለም፤ እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ይሰጣል። ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲ.ሲ. አካባቢ እንኳ ዲ.ሲ. አንድ፣ ሜሪላንድ ሌላ፣ ቨርጂኒያ ሦስተኛ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያስተምር የነበረ መምህር አሌክሳንድሪያ ቢቀጠር መንገዱ አጭር ቢሆንም ሌላ ፈቃድ ይጠየቃል። ከአገር ቤት ይዞት የሄደው ዲግሪም በውጭ ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት ተመዝኖ፣ የጎደለው ኮርስ ተሟልቶ፣ ፈተናም ካለ ተፈትኖ ነው ወደ ክፍል የሚያስገባው። ብዙዎች እስከዚያው በረዳት መምህርነት ይሠራሉ። ይህን እንደ ውርደት ማየት አይገባም፤ የአገሩን ክፍል፣ የልጆቹን አነጋገርና ጠባይ የሚማሩበት ነው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ኪው ቲ ኤስ የሚባለው የመምህርነት ማዕረግ አለ፤ ፒ ጂ ሲ ኢ የሚባለው ደግሞ ከዲግሪ በኋላ የሚሰጥ የትምህርት ማስረጃ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ብዙ ጊዜ በአንድ ሥልጠና አብረው ይገኛሉ፤ ነገር ግን ለውጭ አገር ሰዎች በርቀት የሚሰጠው ፒ ጂ ሲ ኢ ብቻውን ኪው ቲ ኤስ አያስገኝም። በኢንተርኔት ማስታወቂያ አይታችሁ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት «ይህ ኪው ቲ ኤስ ያስገኛል ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በዚያ አገር ለሥልጠናው ለመግባት ከዲግሪ ሌላ በእንግሊዝኛና በሒሳብ፣ ለትናንሽ ልጆች ከሆነም በሳይንስ፣ ከእነርሱ የሁለተኛ ደረጃ ውጤት ጋር የሚመጣጠን ማስረጃ ይጠየቃል።

«እኛንስ የውጭ ሰዎች አላስተማሩንም ወይ? ማን ፈቃድ ጠየቃቸው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። የሕንድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ አስተምረውናል፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮም የአሜሪካ ሰላም ጓዶች መጥተዋል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የራሳችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ለአንድ ዓመት አገልግሎት እየወጡ፣ አብዛኞቹ በየገጠሩ ከተማ አስተምረዋል። ውለታቸው አይረሳም። ነገር ግን ያ ጊዜ መምህር የጠፋበት ጊዜ ነበር። ዛሬ በየትኛውም አገር መጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀቱ ነው።

ከመወሰን በፊት

ከዚህ በላይ የተናገርነውን ለማሳጠር ያህል የሚከተሉትን ፈጽሙ እንላለን።

1ኛ/ ልጁ በእውነት ማስተማር ይወድ እንደሆነ ይፈተን። በክረምት የሰፈሩን ልጆች ለሁለት ወር ያስጠና። በሦስተኛው ሳምንት ከሰለቸው አሁን ቢያውቀው ይሻላል።

2ኛ/ የት አገር፣ ስንተኛ ክፍል፣ ምን ትምህርትና በምን ቋንቋ የሚለው በወረቀት ላይ ይጻፍ።

3ኛ/ የኮሌጁ ዕውቅና ይጣራ። ዕውቅና የሚሰጠው ለትምህርት ክፍሉና ለቅርንጫፉም ጭምር ስለሆነ የተቋሙ ስም ብቻ አያታልላችሁ።

4ኛ/ የወጪ መጋራት ውል ከመፈረሙ በፊት ዕዳው በገንዘብ ወይስ በአገልግሎት እንደሚከፈል፣ ዋናው ማስረጃስ መቼ እንደሚሰጥ ይጠየቅ።

5ኛ/ ማስረጃ ሁሉ ይጠበቅ። ትራንስክሪፕት፣ የኮርሶቹ ዝርዝር መግለጫ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤና የሙያ ፈቃድ በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ባሕር ከተሻገሩ በኋላ አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለማስመጣት ዘመድ ማመላለስ አድካሚ ነው።

6ኛ/ ቤት አስይዞ መላክ የታሰበ እንደሆነ በመጀመሪያ የዚያ አገር የፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት መልስ በእጅ ይግባ። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ ይሻላል።

በመጨረሻም ለወላጆች አንድ ልመና አለን። መምህርነትን የቀረው የወደቀበት ሥራ አድርገን በልጆቻችን ፊት አናውራ። ጎበዙን ልጅ «አንተማ ለአስተማሪነት አታንስም፣ ሌላ ሁን» እያልን ካራቅነው፣ የልጅ ልጃችንን ፊደል የሚያስቆጥረው ማን ሊሆን ነው? ማኅበሩም በበኩሉ በሰፈራችን ያሉትን በሥራ ላይ የሚገኙና በጡረታ ያረፉ መምህራን ምክር ከሚሹ ወጣቶች ጋር ለማገናኘት ዝግጁ ነው። ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት፣ ገንዘብም ከመክፈላችሁ በፊት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ብቅ በሉ፤ የምትይዙትን ወረቀት አብረን እናንብበው።



የማኅበሩ የትምህርት ኮሚቴ