የፓሙካሌ ፍልውሃና የሂየራፖሊስ ፍርስራሽ



በቱርክ አገር፣ በደኒዝሊ ከተማ አቅራቢያ ፓሙካሌ የሚባል ሥፍራ አለ፤ ትርጓሜውም የጥጥ ግንብ ማለት ነው። አስጎብኚው አስቀድሞ የጥንቷን የሂየራፖሊስን ፍርስራሽ ያሳያችኋል፤ ይኸውም የሮማውያን ዘመን ቴአትር፣ ሰፊው የመቃብር ሥፍራና ሐዋርያው ፊልጶስ በሰማዕትነት ዐረፈበት ተብሎ በሚታመነው ኮረብታ ላይ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው።

ከዚያም ወደ ነጩ ቁልቁለት ትወርዳላችሁ። 35 ዲግሪ ያህል የሚሞቀው ውሃ የሟሟ ኖራ ተሸክሞ ከምድር ይወጣል፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ሲወጣ ኖራው ይረጋል፤ መጀመሪያ ለስላሳ ሆኖ፣ ቀስ በቀስ ድንጋይ ይሆናል።

በሃያኛው መቶ ዓመት ግን ከፍርስራሹ ላይ የተሠሩት ሆቴሎች ውሃውን ለመዋኛቸው ስለ ሳቡት ነጩ ድንጋይ ጠቆረ። ሥፍራው በ1988 (በፈረንጆች አቆጣጠር) በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በኋላም ሆቴሎቹ ፈረሱ፤ ውሃውም በተራ ይለቀቅ ጀመር። ዛሬ ጫማውን ያላወለቀ ጎብኚ ነጩን ድንጋይ እንዲረግጥ አይፈቀድለትም።

እንግዲህ ጫማችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ስትራመዱ ይህን አስቡ፤ ውሃ በብዙ ሺህ ዓመት የሠራውን ሰው በጥቂት ዓመታት ሊያጠፋው ተቃርቦ ነበር፤ ያዳነውም ደንብ ማውጣትና ያወጡትን ደንብ ማክበር ነው።