ቁልፉን ከመቀየራችሁ በፊት መቃኑን እዩት

  ሰብሳቢዎቻችን ስለ ሱቅ በር ቁልፍ እንድናገር የጠየቁኝ፣ እዚህ ሐርጌሳ ዳሚ ሰፈር ውስጥ ፀጉር ቤት፣ ምግብ ቤት፣ ልብስ ስፌት ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ነው። ሐርጌሳ ላይ ግብይቱ ባብዛኛው በሞባይል ገንዘብ፣ በዛድ ነው፤ አገልግሎቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ አለ። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ የሚያድረው ጥሬ ገንዘብ ትንሽ ነው። የሚያድረው የስፌት ማሽኑ፣ ፍሪጁ፣ ጣቃው ጨርቅ ነው። በሰው አገር ያለን ሀብት ሁሉ እዚያች አንዲት ክፍል ውስጥ ተቆልፎ ያድራል።

አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙልኝ። ቁልፍ ተበላሸ ብለው ሲጠሩኝ፣ ሄጄ የማገኘው ብዙ ጊዜ የተበላሸ በር ነው። ሰው ግን በሩን ሳያይ ሱቅ ሄዶ አዲስ ቁልፍ ይገዛል። አዲሱን በዚያው በተንጋደደው በር ላይ ያስገጥማል፤ ጥቂት ወር ሳይቆይ ያው ችግር ይመለሳል። ገንዘቡ ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ምን እንደሚጠብቃችሁ እወቁ። በራችሁን ከፍታችሁ ጠርዙን ብታዩ ሁለት ዓይነት ምላስ ታገኛላችሁ። አንዱ ሰያፍ ነው፤ ከኋላው ሞላ ስላለው በሩን ስትገፉት ራሱ ጠቅ ብሎ ይገባል። እሱን ቀጭን ፕላስቲክ በክፍተቱ አስገብቶ ወደ ኋላ መግፋት ይቻላል። ሁለተኛው ቀጥ ያለው ወፍራም ብረት ነው። ሞላ የለውም፤ ቁልፍ ካላዞረው አይወጣም፣ አይመለስምም። ሌሊቱን የሚጠብቃችሁ ይሄኛው ነው። ብዙዎቹ ቁልፎች ሁለት ዙር ይዞራሉ፤ በአንዱ ዙር ምላሱ የሚወጣው በግማሽ ነው። ማታ ቸኩላችሁ አንድ ዙር ብቻ አዙራችሁ የምትሄዱ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት አድርጉት።

አሁን ቁልፉ አልዞር አላችሁ እንበል። በሩን ክፈቱና፣ እንደተከፈተ ቁልፉን አዙሩት። ክፍት ሆኖ ያለ ችግር ከዞረ ቁልፉ ጤነኛ ነው፤ ሕመሙ መዝጊያው ወይም መቃኑ ላይ ነው። የምላሱን ጫፍ ከሰል ቀቡት፤ ፀጉር ቤት ያላችሁ ሊፒስቲክ ይበቃችኋል። ዝጉትና ቁልፉን እስኪነካ ድረስ አዙሩ፣ ከዚያ መልሳችሁ ክፈቱ። መቃኑ ላይ ምልክቱ ከቀዳዳው በታች ካረፈ በሩ ወርዷል ማለት ነው። እጀታውን ይዛችሁ መዝጊያውን ወደ ላይ እያነሣችሁ ስታዞሩት እሺ ካለ፣ ጥርጥር የለውም፣ ማጠፊያው ተበልቷል።

የብረት በር ከባድ ነው። ማጠፊያው ተበልቶ ትንሽ ዝቅ ባለ ቁጥር ምላሱ ቀዳዳውን ይስታል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ መዝጊያውን አንሥቶ በማጠፊያው ዘንግ ላይ ሮንዴላ ማስገባት። አንድ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ የመቃኑን ቀዳዳ በሞረድ ማስፋት ይበቃል። ምላሱን ራሱን ግን እንዳትሞርዱት፤ የሚጠብቃችሁን ብረት እያሳነሳችሁ ነው። ጠዋት የሚከፈት፣ ከሰዓት የሚያስቸግር በር ካላችሁ ደግሞ ፀሐዩን ተመልከቱ። የሐርጌሳ ጠዋት ቀዝቃዛ ነው፤ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያደረገ የላሜራ በር ከሰዓት በኋላ ይግላል። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው ብረት 40 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ አንድ ሚሊሜትር ይረዝማል። ጠባብ ለሆነ ቀዳዳ ይህም ይበዛበታል።

ብየዳ ካስፈለገ ሩቅ አትሂዱ። ዳሚ የገቦዬ ጎረቤቶቻችን ሰፈር ነው፤ ከእነርሱ ውስጥ ቱማሎቹ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የብረት ሠሪ ወገን ናቸው። በዚህ ሙያቸው ሲናቁ ኖረዋል። እኛም አገር ቤት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስንንቅ ኖረናልና ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ስደተኛ ሆነን ስንመጣ ያስጠጉን እነርሱ ናቸው። ሥራ ሲኖረን ለእነርሱ እንስጥ፣ ዋጋቸውንም ሳናጉላላ እንክፈል።

ክፍት ሆኖም ቁልፉ ከሻከረ ችግሩ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ውስጡ አምስት ወይም ስድስት ጥንድ ትናንሽ ፒኖች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ጥንድ ጀርባ ሞላ አለ። የቁልፋችሁ ጥርስ እነዚያን ፒኖች እኩል መስመር ላይ ሲያቆማቸው ሲሊንደሩ ይዞራል። አሜሪካዊው ላይነስ ዬል (ልጅየው) እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1861 በስሙ ያስመዘገበው አሠራር ዛሬም ያው ነው። በአንዱ ጥርስ ጥልቀትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ከቅጂ ላይ ቅጂ የምታስቀርጹት ቁልፍ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ስሕተቱ በየቅጂው ይደመራል። ዋናውን ቁልፍ ቤት አስቀምጡ፣ ስታስቀርጹ ሁልጊዜ ከእሱ ላይ አስቀርጹ።

ሌላው አቧራው ነው። በጂላል ወራት ዝናብ የለም፤ አቧራው በቁልፉ ቀዳዳ ይገባል። ያኔ ሰው የምግብ ዘይት ያፈስበታል። ለጥቂት ቀን ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ዘይቱ አቧራውን ይዞ ጭቃ ይሆናል። ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ፈልጉ። ከታጣ ለስላሳ እርሳስ የቁልፉን ጥርስ ቀብታችሁ ደጋግማችሁ አስገቡ፣ አውጡ፤ የእርሳስ እምብርት ግራፋይት ነው።

ቁልፍ ከጠፋባችሁ፣ ሠራተኛ ቁልፍ ይዞ ከሄደ፣ ወይም ሌላ ሰው ለቆት የሄደ ሱቅ ከተከራያችሁ፣ ሲሊንደሩን ብቻ ቀይሩ። መላውን ቁልፍ መንቀል አያስፈልግም። ግን በቅድሚያ አከራያችሁን አማክሩ፤ ንብረቱ የእርሱ ነው። የአዲሱ ቁልፍ ቅጂ እነማን ጋ እንደሚሆን ያን ጊዜ ተስማሙ።

አፈታቱን ላሳያችሁ። በበሩ ጠርዝ ላይ፣ ከቁልፉ ቀዳዳ ትይዩ አንድ ረዥም ብሎን አለ። በካቻቢቴ ፍቱት። ቁልፉን አስገብታችሁ በትንሹ፣ አሥር አሥራ አምስት ዲግሪ ያህል አዙሩት፤ መሐል ላይ ያለችው ጥርስ ከሲሊንደሩ አካል ጋር ስትተካከል ወጥቶ ይመጣል። ካልመጣ አትጎትቱ፣ ቁልፉን ጥቂት ወዲህ ወዲያ በሉት። ከዚያ ከብሎኑ ቀዳዳ መሐል እስከ አንዱ ጫፍ፣ ከዚያም እስከ ሌላው ጫፍ ለኩ። 30 በ30፣ 30 በ40 የሚባለው ይሄ ነው። ይህን ልኬት ሳትይዙ ገበያ አትውጡ። በውጭ በኩል ሲሊንደሩ ከሽፋኑ ከ3 ሚሊሜትር በላይ እንዳይወጣ። ከወጣ ሌባ በፒንሳ ይዞ ይሰብረዋል፤ መሐሉ ላይ የብሎኑ ቀዳዳ ስላለ ከዚያ ይቆረጣል። አዲሱን ስትገጥሙ በሩ ክፍት እያለ ብዙ ጊዜ ሞክሩት፣ ከዚያ በኋላ ዝጉ።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። ሱቅ ውስጥ የሚያድሩ ልጆች አሉን። ከውስጥ በቁልፍ ቆልፈው ቁልፉን የሆነ ቦታ አስቀምጠው ይተኛሉ። አንዳንዱ አሠሪ ደግሞ ሠራተኛው ውስጥ እያለ ከውጭ ጓጉንቸር ያስገባል። የከተማችንን የዋሂን ገበያ ቃጠሎ ታስታውሳላችሁ። በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት 2014፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ በአንድ ሌሊት ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ሱቆችና መደቦች እንደነደዱ ተነግሯል፤ መንገዱ ጠባብ ስለነበር የእሳት አደጋ መኪኖች እንደ ልብ መግባት አልቻሉም። እንዲህ ባለ ሌሊት ቁልፍ በጨለማና በጭስ ተፈልጎ አይገኝም። ኒውዮርክ ውስጥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ትራያንግል በሚባል የልብስ ፋብሪካ 146 ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ከኢጣሊያና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ስደተኛ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ወደ አንደኛው ደረጃ የሚያወጣው በር ተቆልፎ ነበር። ካራቺ ውስጥ በዚያው አቆጣጠር በ2012 ከ250 በላይ ሠራተኞች ያለቁበት የልብስ ፋብሪካም መውጫዎቹ ተቆልፈው ነበር።

ስለዚህ ከውጭ በቁልፍ፣ ከውስጥ በእጅ የሚዞር ጉጥ ያለው ሲሊንደር ግዙ። መስታወት በር ያላችሁ፣ ሌባ መስታወቱን ሰብሮ እጁን አስገብቶ ጉጡን ያዞረዋል ብላችሁ ትሰጋላችሁ፤ ስጋታችሁ ልክ ነው። ለዚያ መስታወቱን በብረት ፍርግርግ ሸፍኑት እንጂ የሚያድረውን ሰው አትቆልፉበት። ከውጭ ጓጉንቸር የሚገባበት ሱቅ ውስጥ ማንም እንዳያድር፤ የምታውቁት ካለ ዛሬ ማታ ሄዳችሁ አሠሪውን አነጋግሩት፣ ካስፈለገ እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ።

ሲሊንደራችሁን ፈትታችሁ ያመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ማስመሪያው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አንድ በአንድ እንለካና ልኬቱን በወረቀት ጽፌ እሰጣችኋለሁ።