የአጥንት መቅኔና የእንስሳት ውለታ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል የሳይንስ ክበብ አባሎች ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ ልንናገር የመረጥነው ስለ አጥንት መቅኔ ነው። መቅኔ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የቅልጥም መረቅ ነው፤ ዳሩ ግን ደማችን የሚሠራው በዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ ሉኬሚያ የሚባለው የደም ነቀርሳ የያዘው ሰው፤ የታመመው መቅኔ በጨረር ወይም በብርቱ መድኃኒት ይጠፋለትና ከጤነኛ ሰው የተወሰደ መቅኔ በደም ሥሩ ይሰጠዋል። ይህ ሕክምና ዛሬ ብዙ ሰው ያድናል። ነገር ግን እዚህ የደረሰው በቀላል መንገድ አይደለም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ኤጎን ሎሬንዝና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አገር፤ ገዳይ ጨረር ያገኛቸው አይጦች መቅኔ ሲሰጣቸው ከሞት እንደሚተርፉ አሳዩ። በ1957 ዶክተር ዶናል ቶማስና ባልደረቦቻቸው ለስድስት ሕሙማን መቅኔ መስጠታቸውን ገለጡ፤ ሆኖም ለዘለቄታው የዳነ አልነበረም። ሌሎችም ሐኪሞች ሞክረው አብዛኞቹ አልተሳካላቸውም። አንዳንድ ጊዜም የተሰጠው መቅኔ የተቀባዩን ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይወጋው ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ሆነ፤ ብዙዎችም ተስፋ ቆርጠው ተዉት።

ዶክተር ቶማስ ግን ወደ ውሾች ምርምራቸው ተመለሱ። ውሻ ባንድ ጊዜ ብዙ ቡችሎች ስለምትወልድ ወንድምና እኅትን ማመዛዘን ይቻላል። በ1960ዎቹ ዓመታት፤ የነጭ የደም ሕዋሳቸው ዓይነት የሚስማማ ቡችሎች መቅኔ ሲሰጣጡ ከማይስማሙት ይልቅ ብዙ እንደሚኖሩ ታወቀ። ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒትም ያን ውጊያ እንደሚያበርደው ታየ። ከዚህ በኋላ በሲያትል ከተማ ሰዎችን ማከም እንደገና ተጀመረ፤ ዶክተር ቶማስም በ1990 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

«ታዲያ እንስሳ ስለ ሰው ሊሠቃይ ይገባልን?» የሚል ጥያቄ በክበባችን ተነሥቶ ብዙ ተከራክረናል። በ1959 ራስልና በርች የተባሉ እንግሊዛውያን ሊቃውንት፤ የሚቻል ከሆነ እንስሳውን በሌላ ዘዴ መተካት፤ ካልተቻለም ቁጥሩን መቀነስና ሥቃዩን ማቅለል ይገባል ሲሉ ጽፈዋል። እኛም በዚህ ተስማምተናል። ደግሞም ያልተፈተነ ሕክምና ለበሽተኛ ቢሰጥ፤ መሞከሪያው በሽተኛው ራሱ እንደሚሆን አንርሳ።

ከመካከላችን ነገ ሐኪም የሚሆን ቢኖር፤ ለበሽተኛው እንዲጠነቀቅ፤ ለእንስሳውም እንዲራራ አደራ እንላለን።