ከዝናብ በኋላ የቤት ውስጥ አየር፦ ለሮቤ፣ ለጎባና ለባሌ ደጋ ነዋሪዎች የቀረበ ገለጻ



የባሌ ደጋ በበልግም በመኸርም ስንዴና ገብስ የሚያበቅለው ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚጎበኘው ነው። ሮቤ 2,500 ሜትር በሚጠጋ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ከባድ ዝናብ በዘነበ ማግስት ብርዱ ይበረታል፤ በርና መስኮት ይዘጋል፤ የከሰል ምድጃ ወደ ቤት ይገባል።

የኮሮና ቫይረስ በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ጭምብል ብዙ ተነግሯል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ስለሚተነፈሰው አየር ግን የዚያን ያህል አልተነገረም። በበሽታው የተያዘ ሰው ሲያስል፣ ሲናገርና ሲተነፍስ የሚወጡት ጥቃቅን ጠብታዎች አየሩ በማይለወጥበት ክፍል ተንሳፍፈው ይቆያሉ።

የእርጥበት ሽታ የኮሮና ምልክት አይደለም፤ ሻጋታም ቫይረሱን አይወልድም። ሆኖም ሽታው አየሩ አለመለወጡን የሚናገር ምስክር ነው። ሻጋታ አስም ያለባቸውን ያስጨንቃል፤ የሕፃናትንና የአረጋውያንን ሳል ያባብሳል። ሽታውን በዕጣን መሸፈን ጢስ ይጨምራል እንጂ አየሩን አያጠራም።

ብዙዎች «መስኮት ቢከፈት እርጥበት ይገባል» ብለው ይሰጋሉ። በደጋ የሚሆነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነው። ቀዝቃዛ አየር የሚይዘው የውኃ እንፋሎት ጥቂት ነው፤ ቤት ገብቶ ሲሞቅ የግድግዳውንና የአልጋ ልብሱን እርጥበት ተቀብሎ ይወጣል። ስለዚህ ዝናቡ ሲያባራና ጉሙ ሲገፈፍ ፊት ለፊት የሚተያዩ በርና መስኮት አብረው ይከፈቱ። በቀን ደጋግሞ ለአጭር ጊዜ በሰፊው መክፈት ቤቱን ሳያበርድ አየሩን ይለውጣል። እመጫት፣ ሕፃን ወይም አረጋዊ ካለ ተሸፍነው ወይም ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረው ይቆዩ። እንግዳ ሲኖር ግን ዝናብ ቢሆንም ነፋስ በማያስገባው በኩል አንድ መስኮት ክፍት ይሁን፤ ቡናውም ቢቻል በረንዳ ላይ ይፈላ።

ከሁሉ የሚያስፈራው ከሰል ነው። በተዘጋ ቤት የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ቢገባም አደጋው አይቀርም። ማንም ሰው ከሰል እየነደደ እንዳይተኛ። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የተሰማው ሁሉ ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ወደ ጤና ተቋምም ይሂድ።

ቤት ውኃ ሲገባው የሚቀድመው ምንጩን መዝጋት ነው። የቀዳ ቆርቆሮ ይጠገን፤ በመሠረቱ ዙሪያ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፈር። የረጠበ ፍራሽና ብርድ ልብስ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ ከዚያ ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል። የእህል ጆንያ ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ የሻገተ እህልም አይበላ። በሲሚንቶ ግድግዳ ላይ ያለ ሻጋታ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ይድረቅ። የሻገተ የጭቃ ምርጊት ተፍቆ፣ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ እንደገና ይመረግ። የሚያጸዳው ሰው ጭምብል ያድርግ፤ በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ፈጽሞ አይቀላቅል።

በመጨረሻም፣ ሳልን ሁሉ በእርጥበትና በጢስ ማሳበብ አይገባም። ትኩሳት፣ የማሽተት ስሜት መጥፋት ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው ራሱን ለይቶ በ8335 ነፃ የስልክ መስመር ይደውል፤ ትንፋሹ ከከበደው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የተኛበት ክፍል መስኮት ይከፈት፤ አስታማሚውም ጭምብል ያድርግ።

ብርድን ብርድ ልብስና ጋቢ ይከላከሉታል። የታመቀን አየር ግን ከመስኮት በቀር የሚያወጣው የለም።