ስለ ኑግ ዘይታችን
(በአንገር ጉቲን በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እኛ ሒሳብ ላይ የተቀመጥን ሰዎች ስለ ቁጥር እንጂ ስለ ዘይት ብዙ ጊዜ አንጠየቅም። ዛሬ ግን ሁለቱ ተገናኝተውብናል።

ወደ ነቀምቴ ከላክነው የኑግ ዘይት 3 ጀሪካን፣ ማለትም 60 ሊትር፣ ተመልሶልናል። ገዢያችን አልተቆጡንም፤ «ልጆቼ፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ እስቲ ቅመሱት» ነው ያሉን። ቀመስነው፤ እውነታቸውን ነው። መዝገቡ ላይ «ኪሳራ» ብለን ጽፈን ዝም ማለት ስላልሆነልን ጥፋቱ በየት እንደገባ ስንጠያይቅ ሰነበትን።

ጥፋቱ የኑጉ አይደለም። ኑግ የአገራችን ተክል ነው፤ ከፍሬው ክብደት ከመቶ ከ30 እስከ 40 ያህሉ ዘይት ነው። ከዘይቱ ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው፣ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችለው ስብ ነው። ጥሩነቱ ይህ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው። ይህ ስብ አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል። ሰሊጥ እንዲህ አይደለም። የሰሊጥ ዘይት ከብልሽት የሚጠብቁትን ነገሮች ከተፈጥሮው ይዞ ስለሚወጣ ይቆያል። እኛ ግን ሰሊጡን ያቆየነውን ያህል ኑጉንም አቆየነው፤ ያውም በቆላ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ መስኮት አጠገብ። አንዳንዱን ጀሪካን ግማሽ ድረስ ብቻ ነበር የሞላነው። የቀረው ቦታ ሁሉ አየር ነው።

ሌላም አለ። ያን ኑግ በኅዳር፣ በደንብ ሳይደርቅ፣ ዋጋው ቀነስ ስላለ ገዛነው። (ቸኩለን የፈረምነው እኛው ነን።) እርጥብ ፍሬ ሲከመር ይሞቃል፣ ይሻግታል። ጉዳቱም በዘይቱ አያበቃም፤ ፋጉሎውን ለላሞቻችን እንሰጣለን። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ አግኝቶ፣ ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አመልክቷል። ያን ወተት የሚጠጡት ልጆቻችን ናቸው።

ባለፈው ስብሰባ «ፓልም ቀላቅለን እንሽጥ፣ ማን ያውቃል» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ያነሣችው እህታችን ክፉ አስባ ሳይሆን ብድሩን ፈርታ ነው። ሒሳቡን ሠርተን አየነው፤ በወረቀት ላይ ያዋጣል። ነገር ግን ከፓልም ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው። አንገር ጉቲን ሙቀት ላይ ፈሳሽ ሆኖ ይታያል፤ ነቀምቴ ወጥቶ የሐምሌ ብርድ ሲያድርበት ከሥሩ እየነጣ ይረጋል። ገዢያችን ጠዋት ሲያዩት ምን እንላቸዋለን? ፓልም መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ የብዙዎቻችን ወጥ የሚሠራው በእሱ ነው። ግን በስሙ ይሸጥ።

ስለ ሻይ ፍሬ ዘይት ለጠየቃችሁን፦ ቻይናዎች የሚጨምቁት የሻይ ዘመድ ከሆነ ተክል ፍሬ ነው። ዘይቱ የወይራ ዘይትን ይመስላል፣ ከኑግም የተሻለ ይቆያል። የእኛዎቹ ጉማሮና ውሽውሽ ግን ሻይ የሚያለሙት ለቅጠሉ ነው። በእጃችን ያለው ኑግ ነው።

አንድ የሒሳብ ሰው ነገር እንጨምር። አንድ ሊትር ዘይት አንድ ኪሎ አይደለም፣ 920 ግራም ገደማ ነው። 20 ሊትር በሚዛን 18 ኪሎ ከ400 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ከመጭመቂያ ቤት ስንረከብ ባዶውን ጀሪካን አስቀድመን መዝነን እንቀንስ፤ እስካሁን በዓይን ነበር የምንረከበው።

ከእንግዲህ ኑጉን በጥርስ ሰብረን፣ መድረቁን አይተን እንግዛ። በአንድ ጊዜ የሁለት ሳምንት ሽያጭ የሚሆነውን ብቻ እናስጨምቅ። ጀሪካኑን እስከ አፉ ሞልተን፣ ከድነን፣ ጨለማ ክፍል እናኑር። የተጨመቀበትንም ቀን እንጻፍበት።

የተመለሰውን 60 ሊትር ለሳሙና እናውለዋለን። የኑግ ሳሙና ለስለስ ይላል እንጂ ልብስ ያጸዳል። ሳሙና መሥራት የምትችሉ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን አስመዝግቡልን።